«ቃሌ» እና ቃሉን ያልተጠየቀው መራጭ

ባለፈው እትም፣ በዚህችው መጽሔት ላይ፣ አንድ ጓደኛችን የእስርና የችሎት ጽሑፎቻችንን ሲገመግም የወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳን «ቃሌ» በሁለት ዓረፍተ ነገር አሰናብቷታል። ፖለቲካ እንጂ ሥነ ጽሑፍ ስላልሆነች የሐያሲ ጊዜ አይባክንባትም ነው ያለው። እኛ አንስማማም። የማንስማማው ግን የጸሐፊዋ ፖለቲካ ማርኮን አይደለም። እንዲያውም ይህችን ሒስ ለመጻፍ የተሰባሰብነው አራት ሰዎች ስለ ችሎቱ አንድ ዓይነት ሐሳብ የለንም፤ ሁለታችን ከተከሳሾቹ ጋር እንከራከራለን፣ አንዳችን ለተከሳሾቹ ይከራከራል፣ አራተኛዋ ደግሞ «ሁላችሁም ያልኖራችሁበትን ታወራላችሁ» ትለናለች። እውነቷን ነው። አራታችንም ወይ በምርጫው ዓመት፣ ወይ ከዚያ ቀደም ብሎ የተወለድን ነን።

የተሰባሰብንበትን ቦታ መናገር ያስፈልጋል፤ ለነገሩ ይጠቅማልና። ኮልፌ 18 ማዞሪያ ነው። የታክሲ ረዳቶች «ጦር ኃይሎች፣ ዊንጌት፣ አስኮ!» እያሉ ጉሮሯቸውን በሚያደርቁበት ጥግ ከበስተጀርባ አንዲት የጀበና ቡና ቤት አለች። ባለቤቷን እትዬ እንላቸዋለን። እትዬ በ1997 መርጠዋል፤ ማንን እንደመረጡም አይደብቁም፤ ቅንጅትን ነው። የፓርቲ አባል ግን ያኔም አሁንም ሆነው አያውቁም። በሰኔ 2013ም ተሰልፈው መርጠዋል፤ የዚያን ጊዜውን አልነገሩንም፣ እኛም አልጠየቅናቸውም። «ቃሌ»ን ጮክ ብለን ስናነብ ሲኒ እያጠቡ ይሰሙን ነበር። ጨርሰን ስንከራከር ጣልቃ ገቡና እንዲህ አሉ፦

«ልጆች፣ ፓርላማ አንገባም ያሉ ጊዜ ተናደድኩ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ታሰሩ ሲባል አለቀስኩ። ንዴቴም የውነት ነበር፣ ልቅሶዬም የውነት ነበር። እናንተ የምታነቡት ላይ የኔ ነገር የለበትም።»

ይህ የሒሳችን መነሻ ነው። «የኔ ነገር የለበትም» ማለት በሥነ ጽሑፍ ቋንቋ ሲተረጎም «በዚህ ድርሰት ውስጥ አንድ ገጸ ባሕርይ ጎድሏል» ማለት ነውና።

ለማያስታውስ አንባቢ ታሪኩን ባጭሩ እንበለው። ግንቦት 7 ቀን 1997 በተደረገው ምርጫ ቅንጅት ለአንድነትና ለዴሞክራሲ ከአዲስ አበባ ምክር ቤት 138 መቀመጫዎች 137ቱን ወሰደ፤ ከተማዋ ለፓርላማ የምትልካቸውን 23 መቀመጫዎችም በሙሉ አሸነፈ። በአገር አቀፍ ደረጃ ግን ኢሕአዴግ አሸነፍኩ አለ፣ ቅንጅት ተጭበረበረ አለ። ሰኔ 1 ቀን 1997፣ ከዚያም ከጥቅምት 22 ቀን 1998 ጀምሮ ደም ፈሰሰ፤ ለፓርላማ የቀረበው የአጣሪ ኮሚሽን ሪፖርት 193 ሰላማዊ ሰዎችና 6 ፖሊሶች መሞታቸውን መዝግቧል። በዚሁ ጥቅምት የቅንጅት መሪዎች፣ ጋዜጠኞችና የሲቪል ማኅበራት ሰዎች ታሰሩ። ክሱ በሕገ መንግሥቱ ላይ ከሚፈጸም ወንጀል አንሥቶ እስከ አገር ክህደትና የዘር ማጥፋት ሙከራ ድረስ ነበር፤ እነዚህ የኋለኞቹ ሁለቱ ከፍርዱ በፊት ቀርተዋል። ሰኔ 4 ቀን 1999 ጥፋተኛ የተባሉት ላይ ዐቃቤ ሕግ ሞት ጠየቀ። ሐምሌ 9 ቀን አብዛኞቹ ዕድሜ ልክ ተፈረደባቸው። ከአራት ቀን በኋላ፣ ሐምሌ 13 ቀን፣ በይቅርታ ወጡ። ይቅርታው የተገኘው በፕሮፌሰር ኤፍሬም ይስሐቅ የሚመሩ ሽማግሌዎች ባመጡት ወረቀት ላይ በመፈረም ነው።

እንግዲህ ስለዚህ ችሎት የተጻፈውንና የተተረከውን ብንመረምር በሁለት ክምር ይከፈላል። በአንደኛው ክምር የመንግሥት መገናኛ ብዙኃን የነገሩን ታሪክ አለ፤ በዚህኛው ተከሳሾቹ በምርጫ ስም ሁከት የጠነሰሱ፣ ኋላም ጥፋታቸውን አምነው የተለመኑ ሰዎች ናቸው። በሌላው ክምር ከተከሳሾቹ ወገን የተጻፈው አለ። የዶክተር ብርሃኑ ነጋን «የነፃነት ጎህ ሲቀድ» እዚህ ላይ ማንሣት ይገባል፤ ቃሊቲ ተቀምጦ ያን ያህል መጽሐፍ መጻፍ ራሱ ትልቅ ሥራ ነው፣ የምርጫውንም መንገድ ከውስጥ ያሳያል። ይሁንና ሁለቱም ክምሮች በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ፤ ሁለቱም ሕዝቡን ምስክር ያደርጉታል እንጂ ጠያቂ አያደርጉትም። «ሕዝቡ ያውቃል» ይላሉ። ሕዝቡ ግን ምን እንደሚያውቅ ማን ጠየቀው? እትዬን ማን ጠየቃቸው?

«ቃሌ» ከሁለቱም ክምር ትለያለች የምንለው እዚህ ላይ ነው። ታኅሣሥ 2001 የተጻፈች አጭር ጽሑፍ ናት። ወይዘሪት ብርቱካን ከአገር ውጭ ስለ ይቅርታው በተናገሩት ምክንያት በፖሊስ ኃላፊ ተጠርተው «ቃልሽን አስተካክይ» ተባሉ፤ የቀን ገደብም ተሰጣቸው። «ቃሌ» ለዚህ የተሰጠች መልስ ናት። ጽሑፏ በወጣች በጥቂት ቀን ውስጥ ጸሐፊዋ ታሰሩ፤ ይቅርታው ተሰርዞም ዕድሜ ልኩ ተመለሰባቸው። እስከ መስከረም 26 ቀን 2003 ድረስ አልወጡም።

አስቀድመን ርዕሱን እንይ። ባማርኛ «ቃል» የሚለው ቃል ቢያንስ ሦስት ነገር ይሸከማል። አንደኛው ንግግር ነው። ሁለተኛው ቃል ኪዳን ነው፤ ቃሉን የበላ ሰው ሰው አይደለም የምንለው። ሦስተኛው ደግሞ ፖሊስ ጣቢያና ፍርድ ቤት የሚሰጠው ቃል ነው፤ ተከሳሽ «የእምነት ክህደት ቃል» ይጠየቃል፤ አድርጌያለሁ ወይም አላደረግሁም ብሎ ይመልሳል። አብዛኞቹ የቅንጅት ተከሳሾች ችሎቱን ስላልተቀበሉ ይህን ቃል አልሰጡም ነበር፤ ፍርድ ቤቱ ራሱ «አልፈጸምኩም እንዳሉ ይቆጠር» ብሎ መዘገበላቸው። ስለዚህ በመዝገቡ ውስጥ አንድ ባዶ ቦታ ነበረ። «ቃሌ» ከችሎቱ ማብቃት ከአንድ ዓመት ከምናምን በኋላ፣ በችሎት ሳይሆን በአደባባይ፣ ያንን ባዶ ቦታ ትሞላለች። ርዕሱን ጸሐፊዋ ይህን አስበው ይምረጡት አይምረጡት አናውቅም፤ አንባቢ ግን እንዲያ ከማንበብ ማን ይከለክለዋል?

ቀጥሎ ድምፅዋን እናዳምጥ። የጸሐፊዋ ድምፅ የዳኛ ድምፅ ነው። ወይዘሪት ብርቱካን የፌዴራል ዳኛ ሳሉ የቀድሞውን የመከላከያ ሚኒስትር የአቶ ስዬ አብርሃን ዋስትና ፈቅደው፣ ሰውየው ከግቢው ሳይርቁ መልሰው ሲታሰሩ ያዩ ሰው ናቸው። «ቃሌ» ውስጥ ስድብ የለም፣ ሙሾም የለም። ጥያቄዋ ቀዝቃዛና ቀጥ ያለ ነው፦ አንድ የፖሊስ ኃላፊ ስለ ይቅርታ ጉዳይ እኔን ጠርቶ ለማዘዝ ሥልጣኑን ከየትኛው ሕግ አገኘው? እኛ ይህንን ጥያቄ ስናነብ ከችሎቱ ትረካዎች ሁሉ የበለጠ ነዘረን። ጀግና አትሆንበትም፤ ተበዳይ አትሆንበትም፤ ሕግ የሚያውቅ ሰው በትዕግሥት እንደሚጠይቅ ትጠይቃለች።

ዋናው ግን መናዘዟ ነው። «ቃሌ» ፊርማውን አትክድም። አዎን፣ ፈርሜያለሁ ትላለች፤ ነገር ግን የፈረምኩት በሽማግሌዎች አማካይነት፣ ለዕርቅ ሲባል ነው፤ አሁን እናንተ የምትሉትን ትርጉም አትስጡት፣ ነው ነገሩ። ይህ «አዎን፣ ግን» በፖለቲካ ንግግራችን ውስጥ ብርቅ ነው። የኛ ሰው ወይ ፈጽሞ አልፈረምኩም ይላል፣ ወይ ተገድጄ ነው ይላል፣ ወይ ጨርሶ ዝም ይላል። ያመነውን አምኖ፣ የካደውን ክዶ፣ በመሐል ያለችውን ቀጭን መሬት ላይ መቆም ከባድ ነው። ጓደኛችን ሆይ፣ «ፖለቲካ ናት እንጂ ሥነ ጽሑፍ አይደለችም» ያልከው ይህቺን መሬት ስላላየህ ነው። ድርሰት ከስብከት የሚለየው አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ሁለት እውነት ሲሸከም በማሳየቱ አይደለም እንዴ?

በዚህ ላይ ከሰፈራችን ሳንወጣ አንድ ማነጻጸሪያ እናምጣ። በ1954 ኔልሰን ማንዴላ ወታደራዊ ሥልጠና የወሰዱት እዚሁ ኮልፌ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ሚያዝያ 1956፣ በሪቮኒያው ችሎት ተከሳሽ ሆነው ቆሙ። መስቀለኛ ጥያቄ የሚያስከትለውን የምስክርነት ቃል ትተው ከተከሳሽ ሳጥን መግለጫ አነበቡ። ያ መግለጫ እስከ ዛሬ የሚነበበው በመጨረሻው ላይ ለመሞት ዝግጁ ነኝ በመባሉ ብቻ አይመስለንም። ከዚያ በፊት ብዙ ገጽ የፈጀ ማመንና መካድ አለበት፤ የጦር ክንፉን ካቋቋሙት አንዱ ነኝ፣ የአሻጥር ዕቅድም አውጥቻለሁ ብለው አመኑ፤ የውጭ ኃይል መሣሪያ ነን የሚለውን ካዱ። ሰው ያመነውን ሲያምን የካደውን ሲክድ እንሰማዋለን። ከዚህ አንጻር የቅንጅት መሪዎች በችሎቱ ወቅት ዝም ማለታቸው ለፖለቲካ ይጥቀም አይጥቀም ሌላ ክርክር ሆኖ፣ ለመራጩ ግን አንድ ነገር አስቀርቶበታል። በዚያ ችሎት የተነገረ የራሳቸው ሙሉ ቃል ቢኖር ኖሮ እትዬም እኛም የምንመዝነው ነገር ይኖረን ነበር።

እዚህ ላይ የሚያምም አንድ ሐቅ አለ። ከተከሳሾቹ መሐል ችሎቱን ተቀብለው፣ ማስረጃ አቅርበው የተከራከሩ ነበሩ፤ የሲቪል ማኅበራቱ ሰዎች ዳንኤል በቀለና ነፃነት ደምሴ። ያልተከራከሩት ሐምሌ 1999 ወጡ። እነዚህ ሁለቱ ግን እዚያው ቀሩ፤ በታኅሣሥ 2000 ሁለት ዓመት ተኩል ተፈርዶባቸው መጋቢት ላይ ተፈቱ። በሕግ አምላክ ብሎ የተከራከረ ከረመ፣ ሕጉን አልቀበልም ያለ በወረቀት ወጣ። ታዲያ ይህንን የሚያይ ገለልተኛ መራጭ ስለ ችሎት ምን ይማር? ከኛ አንዱ «ፍርድ ቤት መሄድ የሞኝ ሥራ መሆኑን» ይላል። አራተኛዋ ጓደኛችን ደግሞ «የለም፤ በዚያ ሁሉ ታሪክ ውስጥ መልስ የሰጡ ሁለት ሰዎች መኖራቸውን» ትላለች። ይህን ክርክር አልጨረስንም።

አሁን የ«ቃሌ»ን ጉድለት እንናገር፤ አሞግሶ ማለፍ ሒስ አይባልምና። ጉድለቷ እትዬ ያሉት ነው። ጽሑፏ ለሕዝብ ትናገራለች፣ ከመንግሥት ጋር ትከራከራለች፣ የሽማግሌዎቹን ሚና ታስረዳለች፤ ስለ ድምፃችን ግን ዝም ትላለች። በ1997 ሰው ተሰልፎ የሰጠው ድምፅ ምን ሆነ? ምክር ቤቱ 137 መቀመጫ ተሰጥቶት ሳለ ከተማዋን አንረከብም፣ ፓርላማ አንገባም የተባለው በማን ፈቃድ ነው? ምናልባት ልክ ነበር፤ ምናልባት ስሕተት ነበር። ይህንን ግን ከሳሽም አልጠየቀም፣ ዳኛም አልጠየቀም፤ ዐቃቤ ሕጉ የጠየቀው ሌላ ነገር ነው። ዐቃቤ ሕጉ በፈጠረው ከባድ ክስ ምክንያት የመራጩ ቀላል ጥያቄ አፍሮ ተደበቀ። ለሞት የሚፈለግን ሰው «ወንበሬን ምን አደረግከው?» ብሎ መጠየቅ ነውር ይሆናላ! የችሎቱ ትልቁ ጥፋት በእኛ አስተያየት ይህ ነው፤ የታሰሩትን ብቻ ሳይሆን የመረጧቸውንም ሰዎች አፍ ዘግቷል። ቂም የነበረው ቂሙን ለመናገር አፈረ፤ ያዘነው ሐዘኑን ለመናገር ፈራ።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። በላ ልበልሃ በሚባለው የሙግት ዘመን በመንገድ የተጣሉ ሰዎች «በሕግ አምላክ» ሲባባሉ አላፊ አግዳሚው ቆሞ ዳኛ ይሆን ነበር። ዛፍ ሥር የተሰበሰበው ሰው ሙግቱን መስማት ብቻ ሳይሆን ሐሳቡን መስጠት ነበረበት። ያን ዘመን ልናወድሰው አይደለም፤ ግፉንም እናውቃለን። ነገር ግን ዳር የቆመ ሰው ተመልካች ብቻ አልነበረም። ዛሬ ዳር የቆመው ሰው ድምፅ ይሰጣል፤ ቃል ግን አይጠየቅም። ድምፅና ቃል ባማርኛ ሁለት ነገር መሆናቸው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

የታሪኩን መጨረሻ ደግሞ ማንም ልብ ወለድ ጸሐፊ ቢጽፈው «አጋነንክ» እንለው ነበር። ወይዘሪት ብርቱካን ኅዳር 13 ቀን 2011 የብሔራዊ ምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆነው ተሾሙ። በ2013 ምርጫ ዋዜማ አቶ እስክንድር ነጋ እስር ቤት ነበሩ፤ በዚያው በ1998 መዝገብ በጋዜጠኛነታቸው አብረው የተከሰሱት እስክንድር። ያሉት እስር ላይ ነውና ቦርዱ በዕጩነት አልመዘግብም አለ። ጉዳዩ ሰበር ችሎት ደረሰ፤ ችሎቱም በግንቦት 2013 ይመዝገቡ ብሎ ወሰነ። ቦርዱ መጀመሪያ ድምፅ መስጫው ታትሟል፣ ጊዜ የለም ቢልም፣ በኋላ ውሳኔውን ፈጸመ። ሰኔ 14 ቀን የእስረኛ ስም ያለበት ወረቀት ሰው እጅ ገባ። የባልደራስ ሰዎች ተሸነፉ፤ እስክንድርም ክሳቸው ተቋርጦ የተፈቱት ታኅሣሥ 29 ቀን 2014፣ በገና ዕለት ነው።

ይህን ለማሽሟጠጥ አይደለም የምናነሣው። ከጠረጴዛው በዚያ ማዶ የነበረ ሰው በዚህ ማዶ ሲቀመጥ የሚገጥመውን ክብደት ስናስብ «ቃሌ»ን እንደገና ማንበብ ግድ አለን። በ2001 «ሥልጣንህን ከየትኛው ሕግ አገኘኸው?» ብላ የጠየቀች ጽሑፍ፣ በ2013 ጸሐፊዋ ራሳቸው ተጠይቀውባታል። መልሱም በችሎት ተገኘ፤ ተፈጸመም። ዘግይቶ፣ ተጎትቶ፣ ግን ተፈጸመ። ከእኛ አንዱ ይህንን ትልቅ ድል ይለዋል፤ ሌላው «ሰውየው እስር ላይ ሆኖ ምን ድል አለ?» ይላል። ሁለቱም እውነት ይመስሉናል፤ ንዴቱም ልቅሶውም የውነት እንደሆነው ሁሉ።

ስለዚህ ለጓደኛችን የምንሰጠው መልስ ይህ ነው። «ቃሌ» ሥነ ጽሑፍ ናት፤ አንድ ሰው ያመነውንና የካደውን ለይቶ በራሱ ስም የተናገረባት ስለሆነች። ግማሽ ሥነ ጽሑፍም ናት፤ ሌላው ግማሽ፣ የመራጩ ቃል፣ ገና ስላልተጻፈ። ያንን የሚጽፈው ከቃሊቲ የወጣ ሰው አይሆንም፤ ከምክር ቤትም የወጣ ሰው አይሆንም። ከ18 ማዞሪያ፣ ከመርካቶ፣ ከደብረ ማርቆስ፣ ከአዋሳ የሚመጣ፣ ማንንም ለማንገሥ ማንንም ለመስቀል የማይቸኩል ሰው ነው። እኛ ለመምረጥ ዕድሜያችን በደረሰ ጊዜ ካርድ እናወጣ ይሆናል፣ ምናልባትም አውጥተናል። ካርዱ ድምፅ ይሰጠናል። ቃሉን ግን ራሳችን ካልጻፍነው ማንም አይጠይቀንም።

ይህችን ጽሑፍ ለማባዣ ከመላካችን በፊት ለእትዬ አነበብንላቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙን። ከዚያ «በእኔ አፍ ያላልኩትን አልጨመራችሁም?» ብለው ጠየቁን። አልጨመርንም አልናቸው። «እንግዲያው ይሁን» አሉና ሦስተኛውን ቀዱልን።